የማንኪያ ቀን

ሩሐማ ወልደሚካኤል ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከሽንት ቤት ስትወጣ ከበሩ በላይ ያለችው ትንሽ መብራት አረንጓዴ በራች። ሁልጊዜም አረንጓዴ ናት። ሩሐማ እጇን ታጠበች፤ በትልቁ ኩባያ ውሃ ቀድታ ጠጣች፤ ደግማ ቀድታ ጠጣች። ሦስተኛውን ስትቀዳ ቀና ብላ መብራቷን አየቻት። አልተለወጠችም።

ዘመኑ 2078 ነው። በቦንጋ ከተማ ይህች መብራት የሌለችበት ቤት የለም። የሁሉንም ሰው ስኳር ከሽንቱ ትለካለች። ለሴቶች ግን አንድ ተጨማሪ ሥራ አላት፤ የወር አበባቸውን ትቆጥራለች። አሥራ ሁለት ወር ሙሉ ምንም ሳታይ ስትቀር ለጤና ጽሕፈት ቤቱ ታስታውቃለች፤ ጽሕፈት ቤቱም ወረቀት ይልካል። ወረቀቱ ሁለት ዓይነት ነው። አርባ አምስት ዓመት ሞልቷት ያረጠች ሴት ወረቀት «በወቅቱ» ይላል። ከዚያ በፊት ያረጠች ሴት ወረቀት «ቀደም» ይላል።

ቀደም ብለው የሚያርጡ ሴቶች ከሌሎቹ ይልቅ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ መሆናቸው ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ስለዚህ ካርዳቸው ላይ ቢጫ መስመር ይሰመራል። ሱቅ ገብተው ብስኩት ቢያነሡ ሚዛኑ ዋጋ አይናገርም፤ ዝም ይላል። ሻይ ቤት ሲቀመጡ ሻዩ ስኳር ሳይገባበት ይመጣል፤ አስተናጋጁም ምክንያቱን አይጠይቅም። በየሦስት ወሩ ደም ይሰጣሉ፤ ዓይናቸው ይታያል፤ እግራቸው ይታያል፤ በጣቶቻቸው መሐል ሳይቀር በባትሪ ይታያል። ጣፋጭ በሚቀመስበት ሥራም አይመደቡም። ደንቡ ከወጣ ወዲህ በከተማዋ እግራቸው የሚቆረጥ ሴቶች ቁጥር ከግማሽ በታች ወርዷል። ደንቡን የሚረግሙትም እንኳ ይህን አይክዱም።

ሩሐማ ማር ቀማሽ ናት።

ወረቀቷን ረቡዕ ጠዋት ይዛላት የመጣችው የቀበሌው ጤና ሠራተኛ ሲስተር ናርዶስ ናት። ናርዶስ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ጫማዋን በር ላይ ሳታወልቅ አትገባም፤ «በወቅቱ» የሚለውን ወረቀት በእጇ ማድረስ ትወዳለች። ሌላኛውን ወረቀት ማሽኑ በቀጥታ ይልከዋል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ ሩሐማ! አርባ ዘጠኝ። በወቅቱ።»

«እግዜር ይስጥልኝ። ተቀመጪ እንጂ።»

«አልቀመጥም፤ ገና አራት ቤት አለብኝ።» ብላ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ አየች። «ውሃ በደንብ ይጠጣሉ ማለት ነው። ጥሩ ልማድ ነው።»

«ማር ስቀምስ ስለምውል ነው። አፌ ይደርቃል።»

ናርዶስ የሳምንቱን ቁጥሮች በጣቷ እያንሸራተተች አየች። «ትንሽ ከፍ ብሏል። ግን ሃምሳ ዓመት ለሞላት፣ በወቅቱ ላረጠች ደህና ነው። ይኸው አረንጓዴ ነዎት።»

«ቀደም ለሆነችስ?»

«ለቀደም ይሄው ቁጥር ቢጫ ነው።»

«ቁጥሩ ያው ሆኖ?»

«ቁጥሩ ያው ነው፤ ሴቲቱ ናት የምትለየው።» ናርዶስ ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ የሳቀችበትን ነገር የጠረጠረች መስላ ሳቋን አቋረጠች። «ሰው ቢጫን ለምን እንደሚፈራው አላውቅም፣ እትዬ። ቢጫ ማለት ታመመች ማለት አይደለም። ስንቷ ቢጫ ሆና ሰማንያ ዓመት ኖራለች። ዓይናችንን ከእርስዎ ላይ አናነሣም ማለት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።»

«ሥራስ?»

«የትኛው ሥራ?»

«እንዲያው ጠየቅኩ» አለች ሩሐማ።

ናርዶስ ጫማዋን አድርጋ ከሄደች በኋላ ሩሐማ ወረቀቱን ደግማ አነበበች። ስሟ ልክ ነው። የአባቷ ስም ልክ ነው። ያረጠችው ግን በአርባ ሁለት ዓመቷ ነው።

ስሕተቱ የተሠራው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ነው። አባቷ ወልደሚካኤል እሷ በተወለደች በሳምንቷ ቀበሌ ሄዶ በገዛ እጁ 2035 ብሎ ጽፏል። እንደማንኛውም አባት በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፈው። በኋላ የቀበሌ መዝገቦች ሁሉ ወደ አንድ ማሽን ሲገቡ፣ ማሽኑ በፈረንጆች አቆጣጠር የሚሠራ ስለነበር፣ ጸሐፊዎቹ በየልደቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት እየደመሩ እንዲያስገቡ ታዘዙ። በአንደኛው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁጥሩን እንዳለ ገለበጠው። በአንድ ጠዋት በቦንጋ ውስጥ ከሺህ የሚበልጥ ሰው ሰባት ዓመት አረጀ። ከተማው ሳቀ። ገና ያላገቡት ልጃገረዶች ለማስተካከል ቀድመው ተሰለፉ፤ ከዚያ ወታደር መሆን የሚፈልጉት ወጣቶች ተሰለፉ። ለጡረታ የተቃረቡ ሰዎች ግን አንዳቸውም አልተሰለፉም።

ሩሐማ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ በማር ቤቱ ዕቃ አጣቢ ነበረች። እሷም ተሰልፋ ነበር። ከፊቷ አሥራ አንድ ሰው ሲቀር፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ አነበበች። ማር ቤቱ ለዋናው ጠረጴዛ አንድ ቀማሽ ይፈልጋል፤ ዕድሜ ከሠላሳ አምስት ያላነሰ። ሩሐማ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ነጠላዋን አስተካክላ ከሰልፉ ወጣች።

ምላሷ ከልጅነቷ ጀምሮ የተለየ ነበር። ማሽን የማሩን ውሃ ይለካል፤ ስኳሩን ይለካል፤ የተጨመረበትን ባዕድ ነገር ያጋልጣል። ጫካውን ግን አይለይም። ሩሐማ በአንድ ማንኪያ ማሩ ከአዲዮ ይሁን ከጨና፣ ንቧ የቀሰመችው የገተማ ዛፍ አበባ ይሁን የግራዋ፣ ማር ቆራጩ በጊዜው ዛፉ ላይ ወጥቶ ይሁን ዘግይቶ ትናገራለች። የጠረጴዛው አለቃ እትዬ ቤዛ ከዕቃ አጣቢነት ወደ ጠረጴዛው የተቀበለቻት ቀን፣ በስምንቱም ቀማሾች ፊት፣ «ፊቷ ሃያ ስምንት፣ ወረቀቷ ሠላሳ አምስት። ምን ብትቀባ ነው?» ብላ ነበር። ሁሉም ሳቁ። ሩሐማም ሳቀች። ከዚያ ወዲህ ሰባቱ ዓመት እንደ ተዋሰችው ልብስ ገላዋ ላይ ቀረ፤ ባለቤቱ ሳይጠይቅ ሲቆይ የራስ እንደሚመስለው ዓይነት።

የማር ቤቱ ቀማሾች አይተፉም። የወይን ቀማሽ ይተፋል፤ የቡና ቀማሽ ይተፋል። ማር መትፋት ግን ንብን ያስቀይማል ይባላል። በቀን ከሠላሳ እስከ አርባ ማንኪያ ይውጣሉ፤ በየመሐሉ ለብ ያለ ውሃ ይጠጣሉ፤ አፋቸውን በቆጮ ቁራሽ ያብሳሉ። ካርዷ ላይ ቢጫ መስመር የተሰመረባት ቀማሽ በማግስቱ ወንበሯ ባዶ ይሆናል። ታች ባለው ሰፈፍ ክፍል ውስጥ ሰም ታጣራለች። ማንም አይሰድባትም፤ ማንም አይስቅባትም። ሰላምታ ይሰጧታል። ማር ግን አይሰጧትም።

«በወቅቱ» ላረጠች ሴት ደግሞ የማንኪያ ቀን አላት። የወቅቱን የመጀመሪያ ማር፣ በዋናው ጠረጴዛ ላይ፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ አለቃዋ በእንጨት ማንኪያ ታጎርሳታለች። የሩሐማ የማንኪያ ቀን ለዓርብ ተቆረጠ።

ረቡዕ ማታ፣ ራት እንደበላች፣ ልጇ ደወለች። ተዋበች ሃያ ዓመቷ ነው፤ ጅማ ትማራለች። በተወለደችበት ጊዜ ለልጅ የቅድመ አያት ስም ማውጣት ፋሽን ነበርና የክፍሏ ግማሽ ተዋበችና ዘነበች ነው።

«እማ፣ የጤና ቅጽ እየሞላሁ ነው። አንቺ ላይ ደርሻለሁ።»

«እኔ ምን አደረግኩ?»

«"እናት ያረጠችበት ዕድሜ" ይላል። ራሱ ሞልቶልኛል፤ አርባ ዘጠኝ ብሎ። ለካ አርጠሻል! አትነግሪኝም?»

«ምኑ ይነገራል?»

«ደግሞ እዚህ ጋ "ትክክል መሆኑን እናትሽን ጠይቂ" ይላል። ልክ ነው?»

ሩሐማ በግራ እጇ ኩባያውን ይዛ ነበር። ኩባያው ባዶ ነው።

«ልክ ነው» አለች።

«በቃ፣ እኔም አረንጓዴ ሆንኩ። ጓደኛዬ ዘነበች እኮ እናቷ ቀደም ስለሆነች ከሠላሳ ዓመቷ ጀምሮ በየዓመቱ ልትጠራ ነው፤ ፊቷ ጠቁሮ ዋለ። እኔ ለደስታዬ ባቅላባ አዝዣለሁ።»

«ብዙ አትብዪ።»

«እማ! የማር ቀማሽ ልጅ ነኝ እኮ።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ሩሐማ ተነሥታ ውሃ ቀዳች፤ አልጠጣችውም።

እናቷን አሰበች። እናቷ ሶስና በዘመኗ መብራት አልነበራትም፤ ወረቀት አልነበራትም። በአርባ አንድ ዓመቷ ወር አበባዋ ሲቀር «ተገላገልኩ» አለች፤ ነጭ ቀሚሷን አውጥታ ለበሰች። ከዚያ ውሃ ውሃ ማለት ጀመረች። አንድ ቀን ጫማ የእግር ጣቷን ላጣት። ቁስሉ ሁለት ወር አልደርቅ አለ። ሐኪም ቤት በወሰዷት ጊዜ ስንት ልጅ እንደወለደች ጠየቋት፤ ምን እንደምትበላ ጠየቋት፤ ሃይማኖቷን ሳይቀር ጠየቋት። መቼ እንዳረጠች ማንም አልጠየቃትም። በመጀመሪያ ጣቷ ተቆረጠ፤ ከዚያ እግሯ። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ ስትሞት ከአልጋው ሥር አንድ ጫማ ብቻ ነበረ።

ተዋበች ግን ጠይቃለች። ዛሬ ማታ፣ ባቅላባ እየጠበቀች፣ በስልክ ጠይቃለች።

ሩሐማ ሐሙስ ሥራ ገባች። ሠላሳ አራት ማንኪያ ቀመሰች። በሃያኛው ላይ ምላሷ ደርቆ ግራዋውን ከመች አበባ መለየት አቅቷት ሦስት ጊዜ ቀመሰችው። ማታ የአባቷን ወረቀት ከቁም ሣጥን አወጣች። ቀለሙ ቡናማ ሆኗል። የወልደሚካኤል «3» ከሌሎቹ ቁጥሮች ይበልጣል፤ ብዕሩን ሲጫን ያደረገው ነው። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው፤ አውጥታ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንደገና ከተተችው።

ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሴቶቹ በዋናው ጠረጴዛ ዙሪያ ቆሙ። ከሰፈፍ ክፍል የመጡት ሦስቱ ከኋላ በር አጠገብ ቆመዋል፤ የሰም ሽታ ልብሳቸው ላይ አለ። ጠረጴዛው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። በመሐሉ አንድ ገንቦ፤ የዘንድሮው የመጀመሪያ ገተማ፤ ነጭ፣ ገና ያልረጋ።

እትዬ ቤዛ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ያረጠችው በሃምሳ ሁለት መሆኑን ሳትጠየቅ ትናገራለች። ማንኪያውን ከገንቦው አወጣች። እጀታው በብዙ እጅ ተልጦ ቀጥኗል።

«ዛሬ የማን ቀን ነው?»

«የሩሐማ!» አሉ ሴቶቹ።

«ፊቷን አይታችሁ ሃምሳ ትሏታላችሁ?»

«አንልም!»

«እኔም አልልም። ግን ወረቀት ነው ጌታው።» ሳቅ ሆነ። ቤዛ መነጽሯን አድርጋ አነበበች። «ሩሐማ ወልደሚካኤል። አርባ ዘጠኝ ዓመት። በወቅቱ።» ቀና አለች። የማንኪያ ቀን ጥያቄ አንድ ብቻ ናት፤ መልሷም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ከመልሷ በኋላ እልልታ ይሆናል። «ልክ ነው?»

ከሴቶቹ ሁለት ወጣቶች ለእልልታው እጃቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው ነበር።

«አይደለም» አለች ሩሐማ።

ድምፅዋ ቀጭን ነበር። ከኋላ ያሉት አልሰሙም፤ «ምን አለች?» ይባባላሉ።

«የተወለድኩት በ2035 ነው። በእኛ አቆጣጠር።»

መጀመሪያ ማንም አልገባውም። ከዚያ ሴቶቹ መቁጠር ጀመሩ፤ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ አንዷ በጣቷ ትቆጥራለች። ቤዛ ቀድማ ደረሰችበት። ማንኪያው አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ማሩ በቀጭኑ ጨርቁ ላይ እየወረደ ነው።

«አርባ ሁለት» አለች ቤዛ።

«አርባ ሁለት።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ...» ቤዛ አልጨረሰችውም። መነጽሯን አወለቀች። «ፊትሽ አንድ ቀን እንኳ ዋሽቶ አያውቅም ነበር እኮ። አፍሽ ነው የዋሸው።»

«አፌም አልተጠየቀም ነበር።»

«ዛሬ ማን ጠየቀሽ ታዲያ?»

«ተዋበች።»

ቤዛ ተዋበችን ታውቃታለች። በልጅነቷ ክረምት ክረምት ይህ ጠረጴዛ ሥር ተጋድማ ትተኛ ነበር። ቤዛ ማንኪያውን አየችው፤ ከበር አጠገብ የቆሙትን ሦስቱን አየቻቸው። ከሦስቱ አንዷ፣ ከአራት ዓመት በፊት ከዚሁ ጠረጴዛ የወረደችው፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላለች።

«አፍሽን ክፈቺ» አለች ቤዛ።

«እትዬ ቤዛ፣ እኔ ከእንግዲህ...»

«ካርድሽ ገና አልተለወጠም። ክፈቺ። ይሄ ማር ከየት እንደመጣ የነገረኝ የለም።»

ሩሐማ ከፈተች። ቤዛ እጇን ከአገጯ ሥር አድርጋ አጎረሰቻት። ማሩ አፏ ውስጥ ሞቀ። ሩሐማ ዓይኗን ጨፈነች። ማሩን በምላሷ ወደ ቀኝ ወሰደችው፤ ወደ ግራ መለሰችው። ጉሮሮዋ ለመዋጥ ሲዘጋጅ ያየችው ቤዛ የራሷን ብርጭቆ ከጠረጴዛው አነሣች፤ ውሃውን ወለል ላይ ደፋችው፤ ባዶውን ወደ ሩሐማ አፍ አስጠጋችው።

«ትፊው።»

ሩሐማ ራሷን ነቀነቀች።

«ንቧ ትቀየም» አለች ቤዛ። «እኔ ካንቺ ጋር ነኝ፤ ትቀየም። ትፊው፣ ልጄ።»

ሩሐማ ተፋችው። በማር ቤቱ ውስጥ ማር ሲተፋ ሴቶቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት ያን ቀን ነው። እጇን ከንፈሯ ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ተናገረች።

«ከጎጀብ ማዶ። ገተማ ነው። ብሳና ትንሽ ገብቶበታል፤ ቆራጩ አንድ ሳምንት ዘግይቷል።»

ቤዛ በመዝገቡ ላይ ጻፈችው።

ሲስተር ናርዶስ ከሰዓት በኋላ መጣች። ጫማዋን አወለቀች፤ የወልደሚካኤልን ወረቀት ተቀብላ ብርሃን ላይ ይዛ አየችው። ስለ ቅጣት የተናገረችው ነገር የለም። ስለ ጸሐፊው ብቻ፣ «ይሄኔ ጡረታ ወጥቷል፤ እሱም ሰባት ዓመት ቀድሞ ይሆናል» አለች። ከዚያ ወንበር ስባ ከሩሐማ ፊት ተቀመጠች፤ ባትሪዋን አበራች።

«እግርዎን ይስጡኝ፣ እትዬ።»

ሩሐማ እግሯን ሰጠቻት። ናርዶስ ጣቶቿን አንድ በአንድ እየለያየች አየች። ተረከዟን በአውራ ጣቷ ተጫነችው። እጇ ይሞቃል። ከእናቷ በቀር እግሯን እንዲህ ይዞ ያየላት ሰው እንደነበረ ሩሐማ አላስታወሰችም።

«ደህና ነው» አለች ናርዶስ። «ቁጥሩን ቀደም ብለን አግኝተነዋል። ገና በሽታ አልሆነም።»

ቅዳሜ ጠዋት መብራቷ ቢጫ በራች። ሩሐማ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ እንዳደረገች ቆማ አየቻት። ቢጫው እንደፈራችው አልነበረም፤ የሰም ዓይነት ነው። ሰኞ ሰፈፍ ክፍል ገባች፤ ሽርጥ ሰጧት፤ ከአራት ዓመት በፊት የወረደችው ሴት ጨርቁ እንዴት እንደሚጨመቅ አሳየቻት። ረፋድ ላይ ሻይ መጣ፤ ስኳር የለውም። ሩሐማ አንድ ጊዜ ጠጥታ አስቀመጠችው። ምላሷ ምን እንደምታደርግበት አታውቅም ነበር። ከላይ፣ በጣሪያው በኩል፣ የማንኪያዎቹ ድምፅ ይሰማል።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው።

«እማ፣ ቅጹ ራሱ ተቀየረ።» የተዋበች ድምፅ እንደ ረቡዕ አይደለም። «ያን ቀን ለምን ልክ ነው አልሽኝ?»

«ፈርቼ።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ከተዋበች በስተኋላ የሰው ጫጫታ ይሰማል፤ ሻይ ቤት ተሰልፋ ይሆናል።

«አያቴም እንደዚሁ ነበረች?»

«በአርባ አንድ። እሷን ግን የጠየቃት አልነበረም።»

«እሺ» አለች ተዋበች። ስትተነፍስ ተሰማ። «እንግዲህ ድጋሚ ጠይቂ ይላል። አርባ ሁለት ብሎ ነው የሞላው፣ እማ። ልክ ነው?»

ሩሐማ ሰም የነካ እጇን በሽርጡ ጠረገች።

«ልክ ነው» አለች።